ከላይ እስከ ታች አንድ ውሃ

ጥቅምት ፱ ቀን

ለምወድሽ ለልጄ፣

ይህ ወረቀት በደህና ያግኝሽ። ውሃ ላይ እንደሆንሽ ውሃው ይታዘዝልሽ፤ የብስ ላይ እንደሆንሽ እግርሽ ይጽና። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያስቸግረኝ ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃ በሌለበት ሁሉ ኮረዳ ነኝ።

ስልክ ይሻላል ያልሽኝን አልረሳሁም። ግን በስልክ ድምፅሽ እየተቆራረጠ ግማሹን የምሞላው እኔ ነኝ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ማቅለሚያ ቤቱ እንዳለ ነው። አጎትሽ ካረፈ ወዲህ የእሱን ገንዳ ይዤ ክር እነክራለሁ፣ አወጣለሁ፣ አሰጣለሁ። የእናትሽን መቃብር ባለፈው ሳምንት ሄጄ አረሙን ነቅያለሁ።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርሽ። የደረቀውን ቱባ የምንጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት በጆንያ እንደምናስመጣ ታውቂያለሽ። ከመቀደዱ በፊት ሁልጊዜ እኔ እበረብረዋለሁ፤ አለቃውም ለምዶታል። ሰሞኑን ሽፋኑ የሌለ፣ ስለ ባሕር የተጻፈ መጽሐፍ አገኘሁ። አንቺ የምትሠሪበት ዓይነት፣ ዙሪያውን በመሬት የታጠረ ባሕር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከታች በጨለማው ወለል ላይ የተኛው ውሃ ሁሉ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ ፀሐይ ያየ ውሃ ነው። የወረደውም» ይልና ገጹ ያልቃል። ቀጣዩ ገጽ ቀይ ክር ተጠቅልሎበት ወደማላውቀው ሰው ቤት ሄዷል።

ይኸው አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ድንጋይ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ አውቃለሁ። ውሃ ግን ውሃ ውስጥ እንዴት ይሰምጣል? አንቺ ወለሉ ድረስ ጠርሙስ የምታወርጂ ልጅ ነሽና ንገሪኝ። ከገንዘብም ከልብስም ምንም አልፈልግም፤ የጎደለውን ገጽ ብቻ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር ፫ ቀን

ለአጎቴ ሚስት ብቻ ላልሆኑት፣ ለሁለተኛዋ እናቴ፣ ለእትዬ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎም ደረጃውን ይርሳ። እኔ ደህና ነኝ። መርከቧ ወደብ ላይ ቆማ ስትታደስ ስለሰነበተች ደብዳቤዎ ሳይንገላታ ደርሶኛል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳነበው ወጥ ሠሪያችን በትከሻዬ አሻግሮ አየና «ፍቅረኛ ነው?» አለኝ። «አክስቴ ናት፤ ውሃ ውሃ ውስጥ እንዴት ይሰምጣል ብላ ነው» አልኩት። «ካወቅሽ ለእኔም ንገሪኝ» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከባሕር ቀድታችሁ መልሳችሁ ባሕር ውስጥ ስትደፉ አይቻለሁ፤ ይህ ሥራ ነው ብዬ ለሚስቴ ማስረዳት አቅቶኛል።»

ስለዚህ ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው።

ይህን ባሕር አንድ በር ብቻ ያለው ሰፊ ክፍል ነው ብለው ያስቡት። በሩ ጠባብ ሰርጥ ነው፤ ከሰርጡ ወዲያ ውቅያኖስ አለ። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ከባሕሩ ላይ የሚወስዱት ውሃ፣ ወንዝና ዝናብ ከሚመልሱለት ይበልጣል። ስለዚህ ዘወትር ይጎድላል፤ የጎደለውን በበሩ በኩል ከውቅያኖሱ ይጠጣል። ነገር ግን ተንኖ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ አይሄድም። የገባው ውሃ በሰነበተ ቁጥር ጨዉ እየበዛበት ይሄዳል።

ከዚያ የብርዱ ወራት ይመጣል። ከተራሮቹ ላይ ደረቅ ነፋስ ይወርድና ቀናት ሙሉ ሳያባራ ባሕሩን ይጠርገዋል። ያቀዘቅዘዋል፤ እያተነነም ጨዉን ያበዛበታል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ይከብዳል፤ ጨው የበዛበትም ጨው ካነሰበት ይከብዳል። ሁለቱ ሲደራረቡበት የላዩ ውሃ ከሥሩ ካለው ይልቅ ይከብድና መቆም ያቅተዋል። ያኔ ይወርዳል። አንዳንድ ዓመት መንገድ ሳይጨርስ መሐል ላይ ይቀራል። አንዳንድ ዓመት ግን፣ ብርዱ ከጠና፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ይነጠፋል።

በሩ ላይ ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከላይ ቀለል ያለው የውቅያኖስ ውሃ ይገባል፤ በዚያው ሰዓት ከሥሩ የከበደው ውሃ የበሩን ደፍ ተሻግሮ ይወጣል። በአንድ በር አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣ ትከሻ ለትከሻ ሳይጋፉ፣ ከማንም ሰው በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ። መጀመሪያ የተማርኩ ቀን ከክፍል ወጥቼ አጥር ይዤ ነው የቆምኩት።

ልጅዎ


ኅዳር ፳፰ ቀን

ለምወድሽ ለልጄ፣

እጅሽ ይባረክ። የከበደውን ያቀለልሽልኝ፣ አንቺን ይቅለልሽ።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቤ ገባኝ። አምስተኛ ጊዜ ሳነበው አልገባኝም። ስለዚህ ሠርቼ ልየው አልኩ። የቀለም ናሙና የምናይበት የመስታወት ገንዳ አለን፤ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበት። በሌላ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁ፣ ለጥጥ ክር የምንጠቀምበትን ጨው ሦስት እፍኝ በጠበጥኩበት፣ እንዲታየኝ ጥቂት ሰማያዊ ቀለም ጨመርኩ።

ከገንዳዬ ጎን የምትሠራው፣ ጮሌ የምንላት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያበስሉ ነው?» አለችኝ።

«ባሕር።»

«ባሕር! እኛ የምሳ ሰዓት አልበቃን ብሎ፣ እርስዎ ባሕር!»

ገንዳው ጥግ ላይ ጣውላ አጋድሜ ሰማያዊውን ውሃ በጣውላው ላይ ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። ልጄ፣ አልተቀላቀለም። ጣውላውን ተከትሎ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ሲደርስ እንደ አንሶላ ተነጠፈ፣ ጠርዙ ድረስ ሄዶ ቆመ። ከላዩ ያለው ውሃ እንደነበረ ጥርት ብሎ ቀረ። በመሐላቸው የተሰመረው መስመር በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

አለቃው «ሥራ ፈታችሁ?» እያለ መጣ። ሊቆጣ የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ ቆሞ ቀረ። ሃያ ዓመት ቀለም ሲነክሩ የኖሩ ሰዎች ነን፤ ሥራችን ሁሉ ማቀላቀል ነው። አልቀላቀልም ያለ ውሃ አይተን አናውቅም። ጮሌ እንኳ ዝም አለች፤ ይህ በራሱ ተአምር ነው። አለቃው በመጨረሻ «ያቺ ልጅ ባሕር ውስጥ የምታየው ይህን ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «ያን ሁሉ ያህል ትልቅ?» አለ። ነው አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊው እንደተኛ ነበር። አለቃው «አይነካ» ብሎ ወረቀት ለጥፎበታል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የወረደው ውሃ ስንት ጊዜ እዚያ ታች ይቆያል? ወርዶ ቀረ ማለት ነው? ወይስ ይወጣል?

አክስትሽ


ታኅሣሥ ፳፪ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለቤትዎ፣ ለገንዳዎ፣ ለአለቃውና ለጮሌም ጭምር። ደብዳቤዎን ለዋና ተመራማሪያችን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ሽበታቸው የእርስዎን የሚያህል ሴት ናቸው። «እንዲህ ያለች ረዳት ባገኘሁ» አሉ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ይወጣል። ግን በእኛ ዕድሜ ሚዛን አይደለም። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ውሃ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ከባድ ውሃ ከሥሩ እየገባ ወደ ላይ ሲገፋው፣ በጨለማ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ከሌላው እየተዋሐደ ይሄዳል። አንዳንዱ ሠላሳ ዓመት፣ አንዳንዱ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስድበታል። በመጨረሻ ብቅ የሚለው ከወረደበት ርቆ ነው። ደግሞም ባዶ እጁን አይወርድም፤ የላዩን አየር ይዞ ነው የሚወርደው። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት የሚተነፍሱት፣ ድሮ በአንድ ብርዳማ ቀን ከላይ የወረደውን አየር ነው። ከታች የመጣ ጠርሙስ ከፍቼ እጄ ላይ ሳፈስ፣ ይህ ውሃ መጨረሻ ፀሐይ ያየው እኔ ሳልወለድ ሊሆን ይችላል እላለሁ። ሌላ ሰው እንዳያየኝ እጄን ቶሎ አልጠርገውም።

እትዬ፣ ሌላ ጉዳይ አለ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ተውኩት።

ጠርሙሶቻችንን የምናወርድበት የብረት ገመድ ጫፉ ተላልጦ ነበር። ወደብ ላይ ገመድ የሚቀጥሉ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ከእሳቸው የሚሻል የለም ተባለና ተጠሩ። ወፍራም መነጽር አድርገው፣ ገመዱን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው እየዳሰሱ ይሠራሉ። እኔ በአጠገባቸው ጠርሙሶች እቆጥር ነበር፤ መቁጠር ሁልጊዜ በእኛው ቋንቋ ነው የምቆጥረው። ሥራቸውን ሳያቆሙ «አሥራ ሁለትን ዘለልሽ» አሉኝ። በእኛው ቋንቋ።

ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ፊት ለፊት ቆሜ ያልሰማሁት ቋንቋ ነው። ሳቅሁ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ የእናቴን፣ የአጎቴን፣ የማቅለሚያ ቤቱን። የገመዱን ክሮች የሚያላቅቁበትን መውጊያ አስቀመጡ።

«እናትሽ አለች?»

«አርፋለች።»

ገመዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ አባትሽ ነኝ አሉኝ።

«አባት የለኝም» አልኳቸው። ባሕር ማዶ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሄዶ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን የጣለ ሰው አባቴ አይደለም አልኳቸው። አልተቆጡም። እንዲህ አሉ፦ «ጠርቻችሁ ነበር። ክፍል ይዤ፣ የመሳፈሪያችሁን ከፍዬ፣ በወሩ መጨረሻ መልስ ስጡኝና ኑ ብዬ ጻፍኩ። እናትሽ ምን ብላ መለሰችልኝ? ‹እኛ ባለንበት ደህና ነን፤ ስለ እኛ አታስብ፤ ሥራህን ሥራ።› ይህን ያነበበ ሰው ምን ይላል? አልፈለገችኝም አልኩ። መርከብ ለወጥኩ።»

እኔ የማውቃት እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች የምትነሳ ሴት ናት። ያቺ ሴት ኑ ተብላ ትቀራለች?

እትዬ፣ በዚያ ዘመን በቤታችን ማንበብ የሚችሉ እርስዎ ብቻ ነበሩ። የመጣውን ሁሉ ያነበቡት፣ የሄደውን ሁሉ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሰውየው ይዋሻሉ አይደል? አንድ ማዕድ ክፍሌ መጥተሽ ብዪልኝ ብለውኛል። አክስቴ ሳትመልስልኝ እግሬን አላነሳም አልኳቸው። ይዋሻሉ ካሉኝ ፊቴን አዙሬ በሰላም እኖራለሁ።

ልጅዎ


ጥር ፲፬ ቀን

ለልጄ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከነፋስ ይጠብቅሽ።

እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ትንሽ ብሶበታል። የመስታወቱ ገንዳ ለሥራ ስለተፈለገ ሰማያዊውን ውሃ አለቃው ራሱ ደፋው፤ እያዘነ ነው የደፋው። ጮሌ ባሕራችንን አጣን እያለች ስታለቅስበት ዋለች፤ እያሾፈች ነው።

ስለ ሽማግሌው የጻፍሽውን አየሁ። ብዙ ዘመን ነው። ሰውም ይረሳል፣ ወረቀትም ይደበዝዛል።

ውሃው ሲወርድ ድምፅ አለው? በዓይን ይታያል? መርከብ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ እየወረደ መሆኑን ያውቃል? ይህን ጻፊልኝ።

አክስትሽ


የካቲት ፮ ቀን

ለእትዬ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ። ድምፅ የለውም። በዓይን አይታይም። ከሥሩ እየወረደ መሆኑን የቆመበት ሰው አያውቅም። ይህን የምጽፍልዎ ሲወርድ ከላዩ ቆሜ በዓይኔ ስላላየሁት ነው።

ነፋሱ ዘጠኝ ቀን ነፈሰ። መርከቧ ውስጥ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ ወጥ ሠሪው ድስቱን አቅፎ ነው የሚያበስለው። በአሥረኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋብ አለና መለኪያውን አወረድን። መለኪያው ሲወርድ የውሃውን ሙቀትና ጨው እየለካ ስክሪን ላይ መስመር ያሰምራል። ያ መስመር ሁልጊዜ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ከላይ አንድ ዓይነት ውሃ፣ መሐል ሌላ፣ ታች ሌላ። ያን ቀን ቀጥ ብሎ ወረደ። መቶ ሜትር ቀጥ። አምስት መቶ ቀጥ። መለኪያው የተበላሸ መሰለን። ሺህ፣ ሺህ አምስት መቶ። ገመዱን የሚለቀው የዊንቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ላይ ወለሉ ደረሰ፤ መስመሩ ግን አንድም ቦታ አልታጠፈም። ደረጃ የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ውሃ ነው።

ዋና ተመራማሪያችን ቆባቸውን አወለቁ። «በሃያ አምስት ዓመት ሁለተኛዬ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። ወደ ውጭ ወጣሁ። ባሕሩ ባሕር ነው። ግራጫ፣ ተራ፣ ትንሽ ማዕበል ያለው። አንድ ወፍ ተቀምጣበታለች። ጠዋት ከወፏ እግር ሥር የነበረ ውሃ ማታ የዓለም መሠረት ላይ ይደርሳል፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያዘውም። የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ፣ ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር። ስለ ጉልበትዎና ስለ መስታወቱ ገንዳ ጻፉልኝ። ሰውም ይረሳል፣ ወረቀትም ይደበዝዛል አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት እሱን አልነበረም። ሰውየው ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገብተዋል። የሚያስታምማቸው የለም። እኔ ወደብ ተመልሼ ከሦስት መንገድ ማዶ ተቀምጫለሁ፤ አልሄድኩም።

«ዋሽተዋል» ወይም «አልዋሹም»። ከዚህ ሌላ እንዳይጽፉልኝ።


የካቲት ፳፯ ቀን

ልጄ፣

አልዋሸም።

ሰላምታ ያላስቀደምኩት፣ ካስቀደምኩ ሰላምታው ውስጥ ስለምደበቅ ነው። ከዚህ ሌላ አትጻፊ ብለሽኛል፤ ግን ያልዋሸው እሱ ከሆነ የዋሸው ማን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ።

ወደዚህ ቤት ተድሬ ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የተማርኩት ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። ቀይ የሚለው ምን እንደሚመስል፣ ሰማያዊ የሚለው ምን እንደሚመስል፤ ከዚያ ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ። ማንም አላስተማረኝም። አጎትሽ በሰው ፊት «ሚስቴ ታነባለች» ሲል ጆሮዬ ይሞቅ ነበር። በአካባቢው ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከሚናገሩ ሰዎች መካከል ዝም የምል ሴት ነበርኩ፤ ወረቀት ስይዝ ግን ሁሉም ዝም ይሉልኛል።

የአባትሽን ደብዳቤዎች መጀመሪያ የሚጽፍለት የመርከቡ ጸሐፊ ነበር። ፊደሉ እንደ መጽሐፍ ጥርት ያለ ነው። አንብቤያቸዋለሁ፣ በትክክል። ያቺን ኑ ያለባትን ግን ራሱ በጥድፊያ ጻፋት። ፊደሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ መስመሩ ይወዛወዛል። የሰው እጅ ጽሑፍ ማንበብ ገና አልቻልኩም ነበር፤ እንደማልችልም አላውቅም ነበር። እናትሽ አንቺን ጡት እያጠባች ፊቴ ተቀምጣለች፣ ሁለት ጎረቤቶች መጥተዋል፣ አጎትሽ በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ከገጹ ሁሉ ሦስት ቃል ብቻ ለየሁ፦ «ክፍል»፣ «ልጄ»፣ «መልስ»።

ማንበብ አቃተኝ ማለት እችል ነበር። ነገ የሚያነብ ሰው እንፈልግ ማለት እችል ነበር። እናትሽ «በይ እንጂ» አለችኝ፣ ዓይኗ እያበራ። ጀመርኩ። «የማድርበት ክፍል ጥሩ ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ዘንድሮ አልመጣም፣ ታገሡኝ። ልጄን ሳሚልኝ። መልስ ጻፉልኝ።» የቀረውን ሁሉ እኔ ሞላሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናትሽ ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው።

መልሱንም እሷ ስትናገር እኔ ጻፍኩ። ሥራ በዛብኝ ላለ ባል መልካም ሚስት የምትለውን ነው ያለችው። እኛ ባለንበት ደህና ነን፣ ስለ እኛ አታስብ፣ ሥራህን ሥራ። እንዳይከፋው ብላ ነው እንዲህ ያለችው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በአሥረኛው ወር የአለቃውን የትእዛዝ ወረቀቶች እየገለበጥኩ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ቻልኩ። በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬን ለመሞከር የአባትሽን ደብዳቤ ከእናትሽ ሣጥን አውጥቼ በጓሮ በር ይዤ ወጣሁ። ክር በተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሜ በቀትር አነበብኩት።

ወደ አድራሻው ጻፍኩ። ተመልሶ መጣ፤ ሰውየው የለም የሚል ማኅተም ነበረበት። እናትሽ ደብዳቤዋን ከሣጥኗ ስታጣ ሦስት ቀን ፈለገችው። እኔም አብሬያት ፈለግሁ። ፍራሽ አገላብጬ፣ አልጋ ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ። ቀሚሴ ውስጥ ነበር።

ልንገራት ብዬ የተነሳሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ታባርረኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም ይልቅ አታነብም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እያደር ተስፋዋ ወደ ቂም ዞረ። ቂሙም ያቆማት መሰለኝ፤ ይህን ከወሰድኩባት በምን ትቆማለች አልኩ። ለአጎትሽም አልነገርኩትም። እናትሽ ልታርፍ ስትል እጄን ይዛ «የዚያን ሰው ስም በቤቴ አታንሱ፤ ልጄም አታንሳ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያቺን ሰዓት እንኳ እሺ አልኳት።

ውሃው ይወጣል ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ ስለ ውሃው ብቻ ብዬ አልነበረም።

የአባትሽ ደብዳቤ እዚህ ውስጥ አለ። መስኮቱ ወደ ወደቡ የሚያይ ክፍል ብሎ ሁሉ ጽፏል። ሂጂለት። ይህንንም የእኔን ደብዳቤ አንብቢለት። እናትሽ ስትሞት ያለችውንም ጭምር። የሚከፋው ነው ብለሽ እንዳትዘልዪ። እኔ ከአሁን ወዲያ ከማንም ላይ ምንም እንዲቀነስ፣ ምንም እንዲጨመር አልፈልግም።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ይህን ለመጻፍ ሠላሳ አንድ ዓመት የፈጀ ሰው ሌላውን አያጣድፍም።


ግንቦት ፲፩ ቀን

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥዎ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መርከቧ ልትነሳ ነበር። አንብቤው ተሳፈርኩ። አርባ ቀን ውሃ ላይ ነበርን፣ አርባ ቀን ከማንም ጋር በቅጡ አላወራሁም። ወጥ ሠሪው አንድ ቀን ሳህኔን እያነሳ «አክስትሽ ሞተች እንዴ?» አለኝ። «ብትሞት ይቀለኝ ነበር» አልኩት። እንዲህ ማለቴን እንዲያውቁት ነው የምጽፈው። እናቴ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አያታለሁ። እርስዎ አልጋ ሥር ተንበርክከው ሲፈልጉ አያለሁ።

በዚያ ጉዞ የወረደውን ውሃ ስንከተለው ነበር። ከወረደበት ቦታ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን መለኪያ ስናወርድ ከወለሉ ላይ አገኘነው፤ አዲስ፣ ቀዝቃዛ፣ አየር የሞላበት፣ አሮጌውን ውሃ ከሥሩ አንሥቶ ወደ ላይ ሲገፋው። ተራራ የሚያህል ውሃ ነው። እንዲህ የሚገፋው አንድ ሰሞን የነፈሰ ነፋስ ነው። ማመን አቅቶኝ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩ።

ወደብ ስንመለስ አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ክፍሉ ገብቷል አሉኝ። ሄድኩ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተለያየ የገመድ ቋጠሮ። ዓይኑ አሁን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ወንበር በዳበሳ ፈልጎ ሰጠኝ። «መጣሽ?» አለኝ። «ደብዳቤ ይዤ ነው የመጣሁት» አልኩት። የራሱን ደብዳቤ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ እጥፋቱን ዳሰሰው። የእርስዎን ማንበብ ጀመርኩ።

እትዬ፣ ሰው ፊት ማንበብ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ይጠብቀኛል። እናቴ ልታርፍ ስትል ያለችው ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ላይ ሌላ ቃል መጣ። ልጄን ለአባቷ ስጡልኝ ብላለች የሚል። ዝግጁ ሆኖ ነው የመጣው፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም ነበር። ያን ያህል ቀላል መሆኑ አስደነገጠኝ። ያለችውን አነበብኩለት።

የራሱን ደብዳቤ እንደ እጥፋቱ መልሶ አጠፈው። ከዚያ «ሥራህን ሥራ ያለችው እንዳይከፋኝ ብላ ነው ያለችው የምትለዋን ቦታ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። እንደገና አለኝ። እንደገና ደገምኩለት። በአራተኛው እሱ ራሱ በቃሉ ተናገረው፤ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው።

አብረን በላን። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ትናንት ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ውሃው ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ባሕር ላይ የሠራ ሰው ነው፤ አልሰማም ነበር። ጥያቄዎቹ የእርስዎን ይመስላሉ። «እኔ ገመድ ስቀጥል ከሥሬ ይህ ሁሉ ይሄድ ነበር?» አለኝ። ይሄድ ነበር አልኩት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የማያየውን ባሕር ፊት ለፊት ተቀመጠና መነጽሩን አወለቀ።

ዛሬ ይህን ልጽፍልዎ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። «ለአክስቴ ነው የምጽፈው፤ ሰላም ብሏል ልበላት?» አልኩት። ሰማኝ፤ እጁ ሲቆም አይቻለሁ። አልመለሰልኝም። ሰላም ብሎዎታል ብዬ ብጽፍ እሱ አያይ፣ እርስዎ አያውቁ። አላለም። አላለም ብዬ ጽፌልዎታለሁ።

የእኔ ሰላምታ ከላይ አለ። አጭር ነው፤ ግን የእኔው ነው። እሱን ነገ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

ልጅዎ